ብቻውን የቆመ ሰው ስትስሉ

ውድ ወጣት ሠዓሊዎች፣

ብዙዎቻችሁ የአንድ ሰው ፖርትሬት ስትስሉ ፊቱን በጥንቃቄ ትጨርሱና ዳራውን በመጨረሻ ትሞሉታላችሁ። ከዚህ ልማድ እንድትላቀቁ አጥብቄ እመክራችኋለሁ። የሰውየው ብቸኝነት በዓይኑ ብቻ አይነገርም፤ የከበበው ባዶ ቦታም ይናገረዋል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤዱዋርድ ማኔ እ.ኤ.አ. በ1865 ማድሪድ ሄዶ ስፔናዊው ሠዓሊ ቬላስኬዝ የሳለውን የቤተ መንግሥት አጫዋች የፓብሎ ዴ ቫያዶሊድን ምስል አየ። ጥቁር የለበሰው ያ ሰው የቆመበት ወለል የት አልቆ ግድግዳው የት እንደሚጀምር የሚለይ መስመር የለም። መሬት መኖሩን የሚነግረን ከእግሩ ሥር የወደቀው ጥላ ነው። በዚህ እጅግ የተደነቀው ማኔ በዓመቱ ዋሽንት የሚነፋ አንድ ልጅ ወታደር በባዶ ግራጫ ዳራ ላይ ሳለ፤ ጥቁር ኮት፣ ቀይ ሱሪ፣ ነጭ መታጠቂያ፣ ከኋላው ምንም። ሳሎን የሚባለው ይፋዊ የፓሪስ የሥዕል ዐውደ ርእይ ዳኞች ሥዕሉን አልተቀበሉትም። ዛሬ በፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል።

ዳራው ለምን ከፊቱ ጋር አብሮ መሳል እንዳለበት ልንገራችሁ። ቀለም ብቻውን አይታይም፤ ጎረቤቱ ይለውጠዋል። ሼቭሩል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ጥናት ይህን በዝርዝር አሳይቷል። ግራጫ ከቀይ አጠገብ ሲሆን ወደ አረንጓዴ ያደላ ይመስላል። በነጭ ሸራ ላይ ስትቀቡት የጠቆረ የመሰላችሁ ጉንጭም ዙሪያው ሲጨልም ገርጥቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ፊቱን እንደገና መሳል ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሸራውን በሙሉ በስስ ቀለም ሸፍኑት፤ ፊቱንና ዳራውን እያፈራረቃችሁ አሳድጉ።

ግራጫችሁን ከነጭና ከጥቁር ብቻ አትቀምሙ። አልትራማሪን ሰማያዊን በርንት ሲዬና ከሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ጋር ቀላቅላችሁ ነጭ ጨምሩበት፤ ሰማያዊውን ስታበዙ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማውን ስታበዙ ይሞቃል። ከዚያው ድብልቅ ጥቂት ወስዳችሁ በአንገቱ ጥላ ውስጥ አግቡ። ሰውየውና የቆመበት አየር ያን ጊዜ ይዛመዳሉ።

ብሩሽን በተመለከተ፣ ሰፊውን ያዙ፤ ትንሹን እስከምትችሉት ድረስ አቆዩት። ቀለሙ ሳይደርቅ ከትከሻው ወደ ዳራው፣ ከዳራው ወደ ትከሻው ተሻገሩ። የጠራ ጠርዝ ዓይን እንዲያርፍ በምትፈልጉበት በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ይበቃል። በለስላሳ ብሩሽ ሁሉንም አሻሽቶ ማለስለስን ከልቤ እጠላለሁ፤ ቆዳውን ሰም ያስመስለዋል።

ዳራ ሁልጊዜ ጸጥ ማለት አለበት እያልኩ አይደለም። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1889 በሳለው፣ አሁን ኦርሴ በሚገኘው የራሱ ምስል ላይ ኮቱም ዳራውም አንድ ዓይነት ፈዛዛ ሰማያዊ አረንጓዴ ናቸው። ዳራው በብሩሽ ምት ይጠማዘዛል፤ በመሃሉ ቀይ ጢሙና ፊቱ ይቀራሉ። እዚያ ብቸኝነቱን የሚሸከመው የዳራው ሁከት ነው። እናንተም ሸራ ከመወጠራችሁ በፊት፣ የምትስሉት ሰው የትኛው ዓይነት አየር እንደሚከበው በትንሽ ወረቀት ላይ በሦስት ቀለም ብቻ ሞክሩ።