ዲሴምበር 7 ሳይደርስ፦ የወላጆቻችን የመድኃኒት ኢንሹራንስ፣ ጥያቄና መልስ

ፋርማሲስቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ሜዲኬር በአሜሪካ በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ያለ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው። የእሱን የመድኃኒት ኢንሹራንስ፣ ፓርት ዲ የምንለውን፣ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 መቀየር ይቻላል። በዚያ ጊዜ የምትመርጡት ከሚቀጥለው ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሠራል። ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን አደራ፦ ደውሎ የሜዲኬር ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን እንዳትሰጡ። አማርኛ ቢያወራም እንዳትሰጡ።

ልጅ ለእናቷ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ያለችበት ፕላን ተስማምቷታል። ካልተቸገረች ለምን እንነካካዋለን?

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፕላኑ ስሙ ያው ሆኖ ውስጡ በየዓመቱ ይቀየራል። ፕሪሚየሙ፣ በየወሩ የሚከፈለው፣ ይጨምራል፣ አንድ መድኃኒት ከዝርዝሩ ይወጣል ወይም ወደ ውድ ደረጃ ይሸጋገራል። የለመዱት ፋርማሲም ፕላኑ በቅናሽ ከሚሠራባቸው ተመራጭ ፋርማሲዎች ሊወጣ ይችላል። ይህን የሚያስረዳ ደብዳቤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ቤታችሁ ገብቷል። ብዙ ቤት ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ፈልጊው።

ከዚያ የእናትሽን የመድኃኒት ብልቃጦች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጪ። ስሙን፣ ሚሊግራሙን፣ በወር ስንት ፍሬ እንደሚወስዱ ከብልቃጡ ላይ ገልብጪ። በቃል የነገሩሽን አትጻፊ። ለምሳሌ የደም ግፊቱ ሜቶፕሮሎል ሁለት ዓይነት ነው። ታርትሬት የሚባለው ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ይወሰዳል፣ ሰክሲኔት የሚባለው አንዴ። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባሽ የሚመጣልሽ ዋጋ የእሳቸው አይደለም። ዝርዝሩን ሜዲኬር ዶት ጎቭ ላይ አስገቢ። የሚጠቀሙበትን ፋርማሲም ምረጪ። ከዚያ የወር ፕሪሚየሙን ተዪና የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ እዪ። በፕሪሚየም ብቻ የመረጠ ሰው ጃንዋሪ ላይ እኔ መስኮት ጋ መጥቶ ሲደነግጥ በየዓመቱ አያለሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦ የትኛው ፕላን ነው አሪፍ?

ፋርማሲስቱ፦ ያለ መድኃኒት ዝርዝር መልስ የለውም። ከላይ ያለውን አንብብ።

አሳቢ ወንድም፦ አባቴ 66 ናቸው። ምንም መድኃኒት አይወስዱም። ለማይጠቀሙበት ነገር ለምን ይከፍላሉ?

ፋርማሲስቱ፦ ቅጣት ስላለው። ሌላ በቂ የመድኃኒት ኢንሹራንስ ሳይኖራቸው የቆዩበት እያንዳንዱ ወር 1 በመቶ ይጨምርባቸዋል። 1 በመቶው የሚሰላበት የ2026 መነሻ ፕሪሚየም 38.99 ዶላር ነው። 20 ወር ከዘገዩ ቅጣቱ ወደ 7.80 ዶላር ይሆናል። በየወሩ፣ ፓርት ዲ እስካላቸው ድረስ ማለት ነው። መነሻው በየዓመቱ ስለሚቀየር ቅጣቱም አብሮ ይቀየራል። ርካሹን ፕላን ያስገቧቸው። የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ካላቸው ግን በቂ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከመሥሪያ ቤቱ ይጠይቁና ያስቀምጡ።

ጋሽዬ፦ እኔ አድቫንቴጅ ነኝ፣ ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ፕላን። ፕሪሚየሜ ዜሮ ነው፣ ጥርስም ይሸፍንልኛል። ሰው ለምን እንደሚጨነቅ አይገባኝም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እስኪታመሙ ነው። ሐኪምዎ ከኔትወርኩ፣ ፕላኑ ከሚሠራባቸው ሐኪሞች ዝርዝር፣ ከወጣ ምን ያደርጋሉ? ለምርመራ ሁሉ ፈቃድ እየተጠበቀ ስንት ሰው ሲጉላላ አይቻለሁ።

ጋሽዬ፦ እኔ ተጉላልቼ አላውቅም፣ ልጄ። ባለፈው ዓመት ዓይኔን ተሠርቻለሁ።

ነርሷ፦ እግዜር ይመስገን። ሁሉም ግን እንደ እርስዎ አይቀናውም።

ፋርማሲስቱ፦ ይህ ክርክር ዛሬ አያልቅም፣ ለብቻው እንነጋገርበት። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ስሙኝ። ኤችኤምኦ ወይም ፒፒኦ የሚባሉት፣ በኔትወርክ የሚሠሩ የአድቫንቴጅ ዓይነቶች ውስጥ ያለ ሰው ለብቻው የሚሸጥ ፓርት ዲ ከገዛ ከአድቫንቴጁ ይወጣል። ጥርሱም ዓይኑም አብሮ ይሄዳል። ልጆች “ለአባዬ መድኃኒት ልጨምርለት” ብለው በቅን ልብ የሚሠሩት ስህተት ነው። መጀመሪያ ካርዱን እዩ።

የስኳር ነገር፦ ኢንሱሊንና የደም ማቅጠኛውን ኤሊኲስ እወስዳለሁ። ዘንድሮ ረክሷል የሚባለው እውነት ነው?

ፋርማሲስቱ፦ በከፊል። ፕላኑ የሚሸፍነው ኢንሱሊን ከ2023 ጀምሮ በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። ኤሊኲስን፣ የስኳር መድኃኒቶቹን ጃርዲያንስና ጃኑቪያን ጨምሮ 10 መድኃኒቶች ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ መንግሥት የተደራደረበት ዋጋ አላቸው። ያ ግን እርስዎ የሚከፍሉት አይደለም፤ የእርስዎ ድርሻ በፕላኑ ይወሰናል። ፕላኑ ለሚሸፍናቸው መድኃኒቶች በ2026 ከኪስዎ 2,100 ዶላር ከደረሰ ዓመቱ እስኪያልቅ ሌላ አይከፍሉም። ፕሪሚየሙ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ መድኃኒትም አይቆጠርም፤ ስለዚህ አሁንም ዝርዝሩን ይዩ። ጃንዋሪ ላይ በአንዴ መክፈል ከከበደዎ ፕላኑን ደውለው በየወሩ ከፋፍለው መክፈል ይችላሉ። ወለድ የለውም።

የአሌክሳንድሪያው፦ እሺ፣ ግን ሰው በብዛት የሚወስደው የቱን ነው?

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ የጎረቤትህ መድኃኒት የእናትህ አይደለም። ብልቃጦቹን አውጣ፣ ጻፍ፣ ከዚያ ና።

መንገደኛ፦ ወላጆቼ ክረምቱን አዲስ አበባ ሊያሳልፉ ነው። እዚያ ለገዙት ይከፈላቸዋል?

ፋርማሲስቱ፦ አይከፈልም። ሳይሄዱ የ90 ቀን ይውሰዱ። ጊዜው ካልደረሰ ለጉዞ መሆኑን ነግረው ፕላኑን ያስፈቅዱ።

ጋሽዬ፦ አዲስ አበባ እኮ በርካሽ ይገኛል።

ነርሷ፦ ሲገኝ ነው፣ ጋሼ።

ግሪን ካርድ፦ እናቴ ከመጣች 3 ዓመቷ ነው። ሜዲኬር ታገኛለች?

ፋርማሲስቱ፦ እዚህ ሠርተው የሜዲኬር ግብር ካልከፈሉ በአብዛኛው 5 ዓመት መኖር ያስፈልጋል። የወረቀት ጉዳይ የእኔ ሙያ አይደለም፣ ጠበቃ ጠይቂ።

ልጅ ለእናቷ፦ እንግሊዝኛ የማይችልና ልጅ አጠገቡ የሌለ ሰውስ?

ፋርማሲስቱ፦ 1-800-633-4227 ይደውል፣ “አማርኛ” ይበል፣ አስተርጓሚ በነጻ ነው። በየግዛቱ ደግሞ ሺፕ የሚባል ነጻ የሜዲኬር ምክር አለ። የሚሸጡት ፕላን ስለሌላቸው እኔ ከኤጀንት በፊት እነሱን ነው የምመክረው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ኤክስትራ ሄልፕ ለሚባለው የመድኃኒት ወጪ ድጋፍ በሶሻል ሴኩሪቲ፣ በመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤቱ፣ በኩል ያመልክት። ፕሪሚየምና ኮፔይ (መድኃኒት ሲወስድ የሚከፍለው ድርሻ) ይቀንስለታል፣ ያ የዘገየበት ቅጣትም ይነሳለታል። “አይገባኝም” ብለው ሳያመለክቱ የሚቀሩ እናቶችና አባቶች ያሳዝኑኛል። እባካችሁ አመልክቱላቸው።

አሳቢ ወንድም፦ አንዷ ትልቅ እህታችን ቀይረው የድሮውን ሊሰርዙ ሲደውሉ ተምታታባቸው። መሰረዝ አለባቸው?

ፋርማሲስቱ፦ የለባቸውም። አዲሱ ፓርት ዲ ሲጀምር የድሮው በራሱ ይቆማል። የማረጋገጫ ቁጥሩን ይጻፉ። ጃንዋሪ ላይ ለፋርማሲው አዲሱን ካርድ ያሳዩ።