ገጽ ከማዛወራችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

አንድ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ውስጥ አዲስ ስትገቡ የአጠቃቀም ሰነዱ የተዘበራረቀ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አፍርሳችሁ ልትሠሩት ትጓጓላችሁ። ጉጉታችሁን እወደዋለሁ፤ ሰነድ የሚያድገው እንዲህ ባለ ሰው ነው።

አከፋፈሉ ብዙ አያስቸግራችሁም። የጃንጎን (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) ሰነድ እዩ፤ ጀማሪን የሚያስተምረው፣ አንድን ሥራ የሚያሠራው፣ ጽንሰ ሐሳብ የሚያብራራውና ዝርዝር የሚመዘግበው ለየብቻ ተቀምጧል። የኮዱን አቃፊዎች ተከትላችሁ ብቻ አትከፋፍሉ፤ አንባቢው የኮዱን አወቃቀር አያውቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ የገጾቹ አድራሻ (ሊንክ) ነው። የዓለም አቀፉ ድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ ጥሩ አድራሻ አይለወጥም ብሎ የጻፈው በ1998 ነበር። የእናንተን ገጽ ስንት ሰው በመማሪያ ጽሑፉ፣ በኮድ ማብራሪያው፣ በስህተት መልእክቱ ውስጥ እንዳስገባው ማወቅ አትችሉም። ስለዚህ ገጽ በተዛወረ ቁጥር አሮጌው አድራሻ በ301 (ገጹ ለዘለቄታው ተዛውሯል በሚለው የሰርቨር ምላሽ) ወደ አዲሱ ይምራ። 404 (ገጹ አልተገኘም የሚል ምላሽ) የገጠመው ጀማሪ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ረጅም ገጽ ለሦስት ሲከፈል ግን 301 ብቻውን አይበቃም። በአድራሻው ውስጥ ከ«#» በኋላ ያለውን ክፍል ብራውዘሩ ለሰርቨሩ አይልክም፤ ሰርቨሩም አንባቢው የትኛውን ንዑስ ርዕስ እንደፈለገ አያውቅም። መፍትሔው አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ሥሩት። አሮጌውን ገጽ አታጥፉ፤ ንዑስ ርዕሶቹን ከነመለያቸው (ከ«#» በኋላ ከሚመጣው ስም ጋር) እዚያው ትታችሁ ከእያንዳንዳቸው በታች ወደ አዲሱ ቦታ የሚወስድ አንድ መስመር ጻፉ።

ማዛወርንና ማረምን ደግሞ በአንድ ኮሚት (አንድ ላይ በሚመዘገብ የለውጥ ጥቅል) አትቀላቅሉ። የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊት ፋይል መዛወሩን አይመዘግብም፤ ይዘቱን አነጻጽሮ ይገምታል እንጂ። በነባሪው መመሳሰሉ ከ50 በመቶ ካነሰ አንዱ ፋይል ጠፋ፣ ሌላው ተፈጠረ ብሎ ያሳያል። ያን ጊዜ ሥራችሁን የሚገመግመው ሰው ምን እንደተለወጠ ለማየት ይቸገራል፤ ከዓመታት በኋላም አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደተጻፈ የሚፈልግ ሰው ዱካው ይጠፋበታል። መጀመሪያ ፋይሉን እንዳለ አዛውሩት፤ እርማቱ በሌላ ኮሚት ይምጣ።

ተርጓሚዎችንም አስቡ። በጌትቴክስት (የሶፍትዌር ጽሑፍ መተርጎሚያ መሣሪያ) የሚተረጎም ሰነድ ትርጉሙን የሚያገኘው በዋናው ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ስትጨምሩ እንኳ ትርጉሙ እንደገና መታየት አለበት። በየቋንቋው ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ምን እንደምታዛውሩና መቼ እንደምታዛውሩ ለውጡ ከፕሮጀክቱ ጋር ከመዋሃዱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የትርጉም ፋይሎቻቸውንም አብራችሁ አዛውሩላቸው።