ማሽኑ ያልሰማው «አዎ»

ሥራ ፍለጋዋ ላይ ምክር ጠይቃ ደብዳቤ የላከችልኝ ልጅ በ2016 ዓ.ም. ነው በአካውንቲንግ የተመረቀችው። ስሟን ትቼ ፍሬ ነገሩን ላስፍር።

«ጋሼ፣ ይህን የምጽፍልዎት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው። እስካሁን 60 የሚሆን ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሲቪውንም ማመልከቻውንም የሚጽፍልኝ ቻትጂፒቲ ነው። ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ሁለቴ ብቻ ነው። በሁለተኛው፣ አንዱ ጠያቂ ማመልከቻዬን እያየ ‹እስኪ እዚህ የጻፍሽውን በራስሽ አነጋገር ንገሪን› አለኝ። ድርቅ ብዬ ቀረሁ። እኔ አልጻፍኩትማ! አሁን ማታ ማታ ከእሱው ጋር ቃለ መጠይቅ እለማመዳለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና ከሰው ይልቅ እሱን ማውራት ይቀለኛል። አይሰለቸኝም፣ አይታዘበኝም። ግን ደግሞ አካውንታንትን ከሥራ ያስወጣል የሚባለው እሱ ነው። ሙያዬን ትቼ ኮዲንግ ልማር? ልምድ የሚባል የለኝም። አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ጋር ለኢንተርንሺፕ ሁለት ወር ቆይቻለሁ፤ እዚያም ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጋር ስናወራ አንድ ደረሰኝ ሁለቴ መመዝገቡን ከማግኘቴ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራሁም።»

እህቴ፣ ከመጨረሻዋ ልጀምር። «ከማግኘቴ በቀር» አልሽ? ያቺን መስመር ሳነብ የያዝኩትን ቡና አስቀመጥኩ።

አንድ የግዢ ደረሰኝ ሁለቴ ሲመዘገብ ምን እንደሚከተል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ድርጅቱ ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ሊከፍል ነው። 15 በመቶ ቫቱም ሁለቴ ይያዛል፤ ኦዲት ሲመጣ ጣጣው ሌላ ነው። ይህን ያገኘችው ሁለት ወር የቆየች ተማሪ ናት። ከደብዳቤሽ ጋር ያያያዝሽውን ማመልከቻ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። ስለ ደረሰኙ አንድም ቃል የለም። ያለው «ዳይናሚክ» ነው፣ «ሪዛልት ኦሪየንትድ» ነው፣ የመግባባት ክህሎትሽ ነው። ይኸው ማመልከቻ በሌላ በሌላ ሰው ስም በዚህ ወር ብቻ አራቴ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቷል።

ማሽኑን አልወቅሰውም። ሥራው እንዲህ ነው። ስፍር ቁጥር በሌለው ጽሑፍ ሠልጥኖ፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይጽፋል። ስለ ደረሰኙ ካልነገርሽው ከየት ያምጣው? ብዙ ሰው የሚለውን ይሰጥሻል። እና 60 ቦታ የገባው የማንም ሰው ማመልከቻ ነው፣ ከላዩ የአንቺ ስም ያለበት።

ወደ ሙያ መቀየሩ ልምጣ። ኮዲንግ መማር ክፉ አይደለም። መንግሥት የከፈተው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፣ ኦንላይን ነው። የዳታ ሳይንሱን ኮርስ ውሰጂው፤ ለአካውንታንት ይሆናል። ከማሽኑ ለመሸሽ ብለሽ ከሆነ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ኮድ መጻፍ ራሱ ማሽኑ ጎበዝ ከሆነባቸው ሥራዎች አንዱ ነውና።

የአካውንቲንግ ሰው ይህን ፍርሃት ቀድሞም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክ የሚባል ሶፍትዌር ወጣ። የኤክሴል አያት በይው። ከዚያ በፊት አንድ ቁጥር ሲቀየር ሠንጠረዡን ሙሉ በእርሳስና በላጲስ እንደገና መሥራት ነበር። አሜሪካ ውስጥ መዝገብ ብቻ የሚሞሉ ሠራተኞች ከጊዜ ወደ ጊዜ አነሱ፤ አካውንታንቶች ግን በዙ። «ዋጋው ቢጨምርስ? ብድሩ ቢዘገይስ?» ብሎ ማስላት ሲቀል፣ እሱን የሚጠይቅም የሚያስጠይቅም በዛ። አሁንም እንደዚያው ይሆናል ብዬ አልምልልሽም። መዝገብ ለመሙላት ብቻ ከሆነ የተማርሽው ስጋትሽ ልክ ነው። ንብረት ክፍል ወርዶ ለማውራት ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ፊርማም አለ። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ ከራሱ ፈጥሮ የሰጣቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች እውነተኛ መስለዋቸው ለዳኛ አቀረቡ። እነሱና ቢሯቸው 5,000 ዶላር ተቀጡ። ማሽኑን የጠራው የለም። ከሒሳብ መግለጫው ሥር የሚፈርመውም ሰው ነው፤ ሲጠየቅ «እሱ ነው የጻፈው» የማይል ሰው። ቃለ መጠይቁ ላይ የገጠመሽም በትንሹ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ማታው ወሬሽ። የራሴን ጉድ ልንገርሽ።

አምና አንድ ወጣት ሊያማክረኝ መጣ። ማስታወሻ ከመያዝ ልገላገል ብዬ፣ አስፈቅጄው፣ ንግግር ቀድቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይርና የሚያጠቃልል አፕ ከፈትኩ። እሱ ያወራል፣ እኔ በጎን ኢሜይሌን አያለሁ። ማሽኑ እየሰማልኝ ነዋ! ክፍለ ሀገር የተገኘ ጥሩ ሥራ ነበር። «ትሄዳለህ?» አልኩት። «እሺ» አለ። ማጠቃለያው ላይ «ወደ ክፍለ ሀገር ለመሄድ ፈቃደኛ ነው» የሚል ጥርት ያለ ዐረፍተ ነገር ወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ሥራውን ጨረስኩ። ልጁ አልሄደም። ወደ እኔም ሁለተኛ አልመጣም።

ከሳምንታት በኋላ ቅጂውን በራሴ ጆሮ ሰማሁት። «ትሄዳለህ?» ከማለቴ በፊት «እናትህ እዚህ ብቻቸውን ናቸው?» ብዬው ኖሯል። ጽሑፉ ላይ ከጥያቄዬ ቀጥሎ መልስ የለም፤ ወደሚቀጥለው አልፏል። መልስ ግን ነበረ። ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ» ነበረች። ቃል የሌላት፣ የውጭ ሰው ሲሰማት «ምነው ደነገጥክ?» የሚልባት። ማሽኑ ትንፋሽ ናት ብሎ ዘለላት። እኔ ደግሞ ኢሜይል ላይ ነበርኩ።

«እሺ» ራሷ ስንት ዓይነት እንደሆነች ታውቂያለሽ። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። «እሺ እንግዲህ» አለ። እናትሽ ስትጠራሽ ከአልጋሽ ሳትነሺ የምትያት «እሺ!» አለች። የዚያ ልጅ «እሺ» ጋሼን እንቢ ማለት የከበደው ሰው «እሺ» ነበረች። ቀና ብዬ ፊቱን አይቼው ቢሆን አላጣትም ነበር። አፑን አልጣልኩትም፣ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። የዘጋሁት ኢሜይሉን ነው።

ለማሽን ማውራት ይቀለኛል ማለትሽ አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤላይዛ የተባለች ፕሮግራም አስተዋወቀ። ብዙ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። የጻፉላትን ገልበጥ አድርጋ በጥያቄ ትመልሳለች፣ በቃ። የራሱ ጸሐፊ ግን፣ ፕሮግራሟ ስትሠራ ወራት ሙሉ ያየች ሰው፣ ጥቂት እንዳወራቻት ዋይዘንባውም ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። የሚሰማን ሰው ፍለጋ አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ግን ሥራ ቦታ ያለው ሁሉ ይታዘባል። አለቃው ይታዘባል፣ ገንዘብ ያዡ ይታዘባል፣ የቫት መርማሪው ሙያው መታዘብ ነው። ከማይታዘብ ጋር ብቻ ስትለማመጂ ከርመሽ እነሱ ፊት ስትቀርቢ መድረቅሽ አይገርምም።

ልብን ሰብስቦ ሰው ፊት መገኘት ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግሽ፣ ነገ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ታክሲ ያዢ። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺና ረዳቱን ተመልከቺው። 12 ሰው ጭኗል፣ ትርፍ ካልደረበ። አንዱ ይወርዳል፣ ሁለት ይገባሉ። ወረቀት የለው፣ እስክሪብቶ የለው። በአንድ እጁ በሩን ይዞ፣ በሌላው ብሩን በጣቶቹ መሀል አጣጥፎ፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ያውቃል። «ሂሳብ!» ሲል ዐይኑ የሚያርፈው ያልከፈለው ላይ ነው። ከኋላ የተኛ መስሎ የተቀመጠውንም አያልፈውም። መልስሽን ካልሰጠሽ ደግሞ ረስቶ እንዳይመስልሽ።

አንቺም ንብረት ክፍል ያደረግሽው ይህንን ነው። ሰውዬው ስለ ዕቃው ሲያወሩ የሆነች ነገር ጎርብጣሻለች። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ሁለቱም ምዝገባ ለየብቻ ሲታይ ደህና መስሎ ይሆናል።

እንግዲህ ሥራው። ማሽኑን ተዪው አልልሽም፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። በመጀመሪያ የደረሰኙን ነገር አንቺው ጻፊው። በአማርኛ፣ ለታናሽ እህትሽ እንደምትነግሪያት፣ ግማሽ ገጽ። ምን ዕቃ ነበር? ሰውዬው ምን አሉ? አንቺ ምን ጠረጠርሽ? ለማን ነገርሽ? ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺው ያግዝሽ። ያላልሽውን እንዳይጨምር አስጠንቅቂው፤ መጨመሩ አይቀርም፣ ሰርዢበት። ቃለ መጠይቅ ስትለማመጂ መልስ አትለምኚው፤ «ከተናገርኩት ያልገባህን ጠይቀኝ» በይው። እዚያ ላይ ጥሩ ነው። የድርጅት ደረሰኝ፣ የደንበኛ ስም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን እንዳታስገቢበት። ሥራ ከያዝሽ በኋላም።

ማታ ማታ ከእሱ ጋር ከምታሳልፊው ሁለቱን ምሽት ለሰው ስጪ። አጎትም ይሁን፣ ጎረቤትም ይሁን፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይሁን። ፊት ለፊት ይቀመጥና ይጠይቅሽ። ካልመጣልሽ «ትንሽ ላስብ» በይ። ነውር የለውም። ብዙ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ዝም ማለት ውድቀት ይመስለዋል። እኔ ጠያቂ ሆኜ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ግን ላስብ ብሎ ያሰበ ሰው አስቀይሞኝ አያውቅም። የሚያሰለቸው ሳያስብ እንደ ቧንቧ የሚፈሰው ነው።

ድሮ እንዲህ የሚጠይቅሽን ሰው ፒያሳ አንድ ካፌ ገብተሽ ታገኚው ነበር። ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው ሰዉ ወደየአቅጣጫው ከሄደ ወዲህ፣ «እንትና ጋር ሰው ይፈልጋሉ» የሚለው ወሬም አብሮ ተበትኗል። ቴሌግራም ቻናሉ አልተካልኝም። ይህ የእኔ የሽማግሌ ቅሬታ ነው፣ እለፊው።

በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ግን ወደዚያ አስመጪ ድርጅት በእግርሽ ሂጂ። ኢሜይል እንዳትልኪ። ያኔ የነበረሽን አለቃ «ያን ጊዜ ያገኘሁትን ስህተት ጠቅሳችሁ አንድ የምስክርነት ደብዳቤ ብትጽፉልኝ» ብለሽ ጠይቂ። ቀጥተኛ ሁኚ፤ ያዳንሽላቸው ነገር ገንዘብ ነው፣ ልመና አይደለም። ሥራ ይኖር እንደሆነም እዚያው ጠይቂ። ከዚያ ንብረት ክፍል ወርደሽ ሰውዬውን ሰላም በያቸው።

ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ነኝ። ግማሽ ገጿን ይዘሽ ነይ። ማመልከቻውን ተዪው፣ አይቼዋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ስማቸው ማን ነበር? ደብዳቤሽ ላይ የለም።