ክዳኔን የበላችው ቀዳዳ

እህቴ፣ «ለጨው ውሃ አኳሪየሜ ክዳኑን በኮምፔንሳቶ ሠርቻለሁ፤ ውሃ እንዳይበላው ምን ልቀባው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሁለቴ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ስምንት ወር አልቆየም። ሁለተኛው ግን አምስት ዓመቱን ይዟል፤ እንግዳ ሁሉ «የት ገዛኸው?» ይለኛል። ራሴ ሠራሁት ስል የሚያምነኝ የለም።

1. ኢፖክሲ ቀቢው፤ ያንን ሁለቱ ፈሳሽ የሚቀላቀለውን። ቫርኒሽ ብቻውን ለሳሎን ጠረጴዛ ነው። ልኩን ዕቃው ላይ በተጻፈው መሠረት ለኪ፤ በዓይን ከገመትሽ ሳይደርቅ ተጣብቆ ይቀራል። ብዙ አንድ ላይ አትበጥብጪ፣ ይግላል። የእኔ ኩባያው ውስጥ ጭሶ ጎረቤት ወጥቷል።

2. ከመግጠምሽ በፊት ቀቢ። አንቺም እንደ እኔ ቸኩለሽ ገጥመሻል መቼም። እንግዲያው የተቆረጠውን ጠርዝ አደራ። ኮምፔንሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። መጀመሪያ ሳሳ አድርገሽ አጠጪው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊና ድገሚው፣ ከዚያም ሠልሺው።

3. ቀዳዳ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ሦስቴ ቀብቼ እንደ መስታወት ካበራ በኋላ ትራፓኖ አንስቼ ለመብራቱና ለማጠፊያው አሥራ ሁለት ቦታ በሳሁት። ብሎኑን አሰርኩና ጨረስኩ አልኩ። ቀዳዳው ውስጥ ያለው እንጨት ግን ራቁቱን ነበር። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ገንዳው ውስጥ አረፋ በፈነዳ ቁጥር ጨዋማው ጠብታ ወደ ላይ ይረጫል። ጨው ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ አንዴ ከገባ እንጨቱ አይደርቅም። በአራተኛው ወር ማጠፊያው አካባቢ እንደ ሊጥ ተነፋ። ላዩ ያበራል፣ ውስጡ በስብሷል።

የማጠፊያውማ ጉድ ሌላ ነው። ሱቅ ሄጄ «ይሄ ለጨው ውሃ ይሆናል ወይ?» ስለው፣ ሻጩ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ነሐስ አይዝግም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቀይ ዝገት የለውም። አረንጓዴ ነው የሚያወጣው። መዳብ አለበታ! ከክዳኑ ጠብ ጠብ እያለ ውሃው ውስጥ ገባ። ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም፤ ሽሪምፖቼ ግን በአንድ ሳምንት አለቁ። ውሃውን ስመረምረው መዳብ አሳየኝ። ተመልሼ ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኛ ሽሪምፕ አንሸጥም።»

ሁለተኛውን ስሠራ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጌ በሳሁና በኢፖክሲ ደፈንኩት። ሲደርቅ መሃሉን በቀጭኑ እንደገና በሳሁት። አሁን ብሎኑ የሚነክሰው ኢፖክሲውን ነው፣ እንጨቱን አይነካም። ማጠፊያው ፕላስቲክ፣ ብሎኑ 316 ስቴንለስ፣ ማለትም ጨው የሚቋቋመው የማይዝግ ብረት ነው። ጥር ላይ ጋራዥ ውስጥ ቀብቼ በሜሪላንድ ብርድ ሦስት ቀን ሙሉ እጅ ላይ ሲጣበቅ ስለነበር፣ ባለቤቴ እያጉረመረመች ሳሎን አስገባሁት። ገንዳው ላይ ከመክደኔ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ አደረቅኩት። ሽታው ስለጠፋ ብቻ ደርቋል እንዳትዪ።

አንቺ ዛሬ ማታ ማጠፊያውን ፍቺና ቀዳዳዎቹን በስቴኪኒ ነካ ነካ አድርጊያቸው። ስቴኪኒው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ከገባ በስብሷል ማለት ነው፤ እዚሁ ፎቶ ለጥፊልኝ።