ስሎፑን ለስክሪዱ ስጠው፣ ስላቡን ተወው

ወንድሜ፣ ሬቪት (የሕንፃ መሳያው ሶፍትዌር) ላይ ለጠፍጣፋው ጣሪያ ስሎፕ አሮው (ማዘንበያ ቀስት) ስትሰጠው ስላቡ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያው፣ በሙሉ ተንጋደደብህ፣ ሁለት የውሃ ማፍሰሻ ስላለውም ግራ ገባህ፣ አይደል? ይሄ ያልደረሰበት የለም። እኔ ጀማሪ እያለሁ እንደዛው ሰርቼ ሴክሽኑ (የቁርጥ ስዕሉ) ሳይት ወርዶ፣ ፎርማኑ ደውሎ "ፎርምወርኩንም (ካሳፎርማውን) አዘንብዬ ልምታው?" ብሎኛል።

ስሎፕ አሮው ውፍረቱን ሳይነካ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ነው የሚያዘነብለው። ለመኪና ራምፕ አሪፍ ነው። የአንተ ጣሪያ ላይ ግን ኮንክሪቱ በውሃ ልክ ይሞላል፣ ውሃውን የሚነዳው ከላይ የሚፈሰው ስክሪድ (የሲሚንቶና የአሸዋ ንጣፍ) ነው። ስለዚህ እኔ ለያይቼ ነው የምስለው፦ ስላቡ ለብቻው ጠፍጣፋ፣ ስክሪዱ ደግሞ ከላዩ የተቀመጠ ሌላ ፍሎር። አሮውን አጥፋው፣ እሱ እያለ ነጥብ ከፍና ዝቅ ማድረጊያዎቹ አይሰሩልህም። ከዛ የስክሪዱ ኤዲት ታይፕ ገብተህ ስትራክቸር ውስጥ "ቫሪያብል" የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርግባት። እሷን ከረሳህ ታቹም ላዩን ተከትሎ ይጎብጣል። ምልክቱን የሚቀበለው አንድ ሌየር (ንብርብር) ብቻ ነው።

ጣሪያህ 12 በ8 ሜትር ነው እንበል፣ ማፍሰሻዎቹም በየግማሹ መሃል ላይ። የስክሪዱን ውፍረት 11 ሳንቲም አድርገው። የፍሎር ሌቭል የሚለካው ከላዩ ስለሆነ ከስላቡ 11 ሳንቲም ከፍ አድርገህ አስቀምጠው (ሩፍ ብትጠቀም ከታቹ ነው የሚለካው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል)። ከዛ መጀመሪያ በአድ ስፕሊት ላይን 6ኛው ሜትር ላይ ከጫፍ ጫፍ መስመር ጣል። ይቺን ከዘለልክ ሁለቱ ማፍሰሻዎች እርስ በርስ ይያያዙና መሃላቸው ምንም ስሎፕ የሌለው ቦይ ይሆናል፣ ክረምት ላይ ውሃው እዛው ተኝቶ ታገኘዋለህ። ቀጥሎ በአድ ፖይንት ሁለቱን ነጥብ አስቀምጥና እያንዳንዳቸውን 8 ሳንቲም አውርዳቸው። ማፍሰሻው ጋ 3 ሳንቲም ስክሪድ ይቀርልሃል።

አሁን ቁጥሩን እየው። ከ8 ሜትሩ አቅጣጫ እስከ ማፍሰሻው 4 ሜትር ነው፣ 2 ፐርሰንት። በሌላው 3 ሜትር ስለሆነ 2.7 አካባቢ ይሄዳል። ከማዕዘኑ ግን 5 ሜትር ነውና 1.6 ብቻ ነው። "ማዕዘኑም 2 ይሁን" ብለህ ጥጉን እንዳታነሳው፣ የፓራፔቱ (የጣሪያው ዙሪያ አጭር ግንብ) ግርጌ ወጣ ገባ ይሆንና ዋተርፕሩፍ የሚያነጥፈው ሰውዬ ይረግምሃል።

ሻወር ቤትም ያው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ያንሳል።

ሌላው ጥቅሙ ልኬት ላይ ነው። ይሄ ስክሪድ ልክ 8 ሜትር ኩብ ይወጣል። በ3 ሳንቲም ብቻ አስበህ ቢሆን 2.9 ብለህ ትሞላና ኮንትራክተሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ትከርማለህ። ክብደቱም 16 ቶን ገደማ ነው፣ ስትራክቸር የሚሰራልህን ልጅ ዛሬውኑ ደውለህ ንገረው።