የመኪናዬ ኤሲ ልጄን አስም አስይዞት ይሆን?

ጥያቄ፦ የመኪናዬን ኤሲ ስከፍት እርጥብ ካልሲ የመሰለ ሽታ ይመጣል። እኔን ያስነጥሰኛል፣ የ6 ዓመት ልጄን ያስለዋል። ፊልትሩን በኮምፕሬሰር አስነፍቼዋለሁ። ለልጁ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጠሁት፣ እኔ ክሎርፌኒራሚን የሚባለውን የአለርጂ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ረጅም መንገድ ስንሄድ ደግሞ ሁላችንንም ራስ ያመናል፣ ስንወርድ ይተወናል። ከሰል ያለው ፊልትር ይሻለን ይሆን? እናት ነኝ።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ፊልትር ነው። የፈሩት ግን አስም ነው። ሳሉ መኪና ውስጥ ብቻ ከሆነና ሲወርድ ከተወው፣ ጉሮሮው ተቆጥቶ ይሆናል፣ ይህ ብቻውን አስም ነው አያሰኝም። ሌሊት ካሳለው፣ ሲሮጥ ካፈነው ወይም ደረቱ ሲር ሲር ካለ ግን ይዘውት ይምጡ።

ሽታው ሻጋታ ነው። ኤሲው አየሩን ሲያቀዘቅዝ ውስጡ ውሃ ያዝላል፣ አቧራ ሲጨመርበት ይሻግታል። ፊልትሩን ይቀይሩት እንጂ አያስነፉት፤ የኮምፕሬሰር ግፊት ወረቀቱን ሊበሳው ይችላል። በዓመት አንዴ፣ አቧራ በበዛበት መንገድ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። ሊደርሱ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ኤሲውን አጥፍተው ፋኑን ብቻ ይተዉት፣ ውስጡ ይደርቃል። ከሰል ያለው ፊልትር ሽታ ይቀንሳል፣ ከፈለጉ ይግዙት።

አሁን በመሃል ጣል አድርገዋት ወዳለፏት ነገር እንምጣ። «ሁላችንንም ራስ ያመናል፣ ስንወርድ ይተወናል።» ደብዳቤውን በዚህች መጀመር ነበረብዎት! ምናልባት የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረውን ቁልፍ ተጭነው ስለሚነዱ ታፍናችሁ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ አልጽናናም። የጭስ ማውጫው ቱቦ ተቀዶ ካርቦን ሞኖክሳይድ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። «ጥሩ ፊልትር ካለኝ ምን ይገባል?» የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይገባል! ተራው ፊልትር አቧራ ነው የሚይዘው። ከሰሉም ቢሆን ይህን ጋዝ አያስቆመውም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ይሸወዳል፤ ሰውየው ተመርዞ እንደ ጤነኛ ሰው 98 ሊያነብልዎ ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ስለዚህ እየነዱ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከአንድ በላይ ሰው ከያዘ መስኮት ይክፈቱ፣ ይቁሙ፣ ሁላችሁም ውረዱ። ግራ የተጋባ ወይም ራሱን የሳተ ካለ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሞተር አስነስቶ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መቀመጥማ በጭራሽ!

መድኃኒቱን በተመለከተ ልቆጣ ነው። አሞክሳሲሊን ለሻጋታ ሳል ምንም አይፈይድም። የተረፈ አንቲባዮቲክ ለልጅ አይሰጥም፣ መጀመሪያውኑም መትረፍ አልነበረበትም። ክሎርፌኒራሚን ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል። ልጅ ከኋላ አስቀምጠው፣ ራስዎን እያመመዎት፣ ያንን ውጠው ይነዳሉ? ዛሬውኑ ያቁሙት። እንቅልፍ የማያመጡ አሉ፣ ሲመጡ እንነጋገራለን።

አይደንግጡ፣ ልጁ ደህና ነው ብዬ አስባለሁ። መኪናዋን ግን ነገ ጠዋት መካኒክ ከሥር ገብቶ ጭስ ማውጫዋን ይይላት። እስከዚያ አይንዷት።