ጤናዎን ይጠይቁ፦ የቡአ ኦፕራሲዮንና የጆንያ ሥራ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባለ የእህል ማከፋፈያ በጫኝና አውራጅነት ተቀጥሬ ስሠራ 3 ዓመት አልፎኛል። በቀኝ ብሽሽቴ ያለው ቡአ ሳስል ይወጣል፣ ስተኛ ይመለሳል። ለታኅሣሥ 20 የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። በወገብ መርፌ እንደሚሠራ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ጓደኞቼ «መርፌው ሽባ ያደርጋል፣ ወንድነትም ይጎዳል» ይሉኛል። አሠሪዬ ደግሞ «በሳምንትህ ትመለሳለህ አይደል?» እያለ ይጠይቀኛል። ስንት ቀን እተኛለሁ? ጆንያ የምሸከመውስ መቼ ነው?
የሁለት ልጆች አባት፣ ከአራዳ

መልስ፦ ከመጨረሻው እንነሣ፤ እንቅልፍ የነሳዎት መርፌው ብቻ አይመስለንም። መተኛት ብዙም የለም፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ቤቱ ይገባል። ጆንያ ግን ከ6 ሳምንት በፊት አይነካም። ታኅሣሥ 20 ከተሠሩ የካቲት 2 መሆኑ ነው። የአሠሪዎ «ሳምንት» ለሒሳብ ሠራተኛው ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃል።

ቡአ የሚባለው የሆድ ግድግዳ ሳስቶ ስብ ወይም አንጀት በዚያ ቀዳዳ ሲወጣ ነው። ሐኪሙ ብሽሽት ላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀዶ የወጣውን ይመልሳል፤ ግድግዳውን በስፌት ወይም ሜሽ በሚባለው መረብ ያጠናክራል። ቆዳው በ10 ቀን ገደማ ይገጥማል፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ከላይ የዳነ የሚመስለውን ከሥር ገና ክሩና መረቡ ናቸው ይዘው ያሉት። ሥጋው በራሱ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት «ምንም አላመመኝም» ብሎ ኩንታል የተሸከመ ሰው ቡአውን መልሶ ሊያመጣው ይችላል።

ሚዛን ባይኖርዎት ጄሪካን አለ። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ከባለ 5 ሊትሯ የከበደ ነገር አያንሡ፤ እስከ 4ኛው ሳምንት ከባለ 10 ሊትሩ አይለፉ። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን ከ6 ሳምንት በፊት የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ልጅዎንም ቢሆን ማቀፍ ሲያምርዎት ክብደቱን ያስቡ። ከየካቲት 2 በኋላም በ25 ኪሎ ጀምረው አንድ ሳምንት ይዩትና ወደ 50 ይሂዱ። ብሽሽትዎ ከሳበዎት ወይም ከወጋዎት አንድ ደረጃ ይመለሱ። ቀዶ ሐኪምዎ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ካዘዘ የሚጸናው የእሱ ቃል ነው።

ስለ ደመወዝዎ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ለእርስዎ 42 ቀናት ሲሰላ 30ው በሙሉ፣ 12ቱ በግማሽ ይሆናል። የጽሑፍ ውል የለኝም ብለው አይሸማቀቁ፤ የቃል ውልም ውል ነው። የሕክምና ማስረጃውን ከሆስፒታል ሲወጡ እዚያው ይቀበሉ፤ «ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ» የሚለው ከነቀኑ ይጻፍበት። «እረፍት ያስፈልገዋል» ብቻ የሚል ወረቀት ከአሠሪ ጋር ያጨቃጭቃል። ዕቁብ ካለዎት ደግሞ ዕጣው ለጥር እንዲደርስዎ ከአሁኑ ዳኛውን ያናግሩ።

አሁን ወደ መርፌው። ሕብለ ሰረሰር ከወገብ ከፍ ብሎ ያልቃል፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ ፈሳሽና የነርቭ ክሮች ብቻ ባሉበት ቦታ ነው። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው። ይልቅ አስቀድመው የሚያውቁት ነገር ይኑር፦ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል እግርዎ አይታዘዝም፤ ሽባ ሆንኩ ብለው አይደንግጡ። ሽንት ሊያስቸግር ስለሚችል ሳይሸኑ ወደ ቤት አይሂዱ። በቀጣዮቹ ቀናት ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ከመጣ የመርፌው ነው፤ መድኃኒት አለውና ተመልሰው ይንገሩ። ወንድነትን በተመለከተ፣ መርፌው የሚያደነዝዘው ለጊዜው ብቻ ነው፤ የወሲብ አቅም የሚመራባቸው ነርቮችም ብሽሽቱ ላይ በሚቀደደው ቦታ አያልፉም። እውነተኛው ሥጋት ሌላ ነው፦ ከ10 ሰው በ1ዱ ገደማ ብሽሽት ላይ የሚቆይ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ለዘር ፍሬው የሚሄደው ደም መጎዳቱ ደግሞ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። እነዚህን ሁለቱን ፊርማ ሲጠየቁ ያንሡ። ፊርማው «ብሞት አልጠይቅም» ማለት አይደለም፤ ገብቶኛል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሳይገባዎት አይፈርሙ። ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ አልጋዎን የሚከቡት ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ቀዶውን የሚመራው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቀጠሮው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል «ጾመኛ ነኝ» ብለው ሌሊት እንዳይበሉ። ተራዎ ከጧቱ 3 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወዲህ እንጀራም በሶም የለም፤ ጥሩ ውኃ ብቻ፣ እሱም ቢሆን ሐኪሙ ከፈቀደ እስከ ጧቱ 1 ሰዓት። በሆድ ያለ ምግብ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ረስተው ከበሉ ይናገሩ፤ ቀጠሮ ቢራዘም ይሻላል። ጫትና ሲጋራ ይተዉ። የስኳር፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ያሳውቁ። ብሽሽትዎን በምላጭ አይላጩ፤ ምላጭ የሚተወው ጭረት የጀርም መግቢያ ነው፤ በሳሙና መታጠብ ይበቃል። የእህል አቧራው ሳል ከጣለብዎት ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይታከሙት፤ ሳል፣ ማማጥና ሽንት መቸገር ስፌትን የሚጎትቱ ናቸው።

ቤት ሲገቡ በጎን ተንከባለው ይነሡ፤ ሲያስሉ ትራስ ብሽሽትዎ ላይ ይጫኑ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይራመዱ፣ ዳገቱን ግን ቀስ ብለው። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙን 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ በቀን ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጨጓራ ካለብዎት አይቡፕሮፌን ይቅርብዎ። ሆድ እንዳይደርቅ ውኃና ተልባ ይጠጡ። ገና በ9ኛው ቀን ስለሚውል በጉን ሌላ ሰው ይጎትተው። ጥምቀት ደግሞ 3ኛ ሳምንትዎ ነው፤ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆመው ይዩ፣ መዝለሉና ግፊያው ለከርሞ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የቡአ ኦፕራሲዮን ከሆነ 5 ቀኑ ነው። የፍሬው ከረጢት ጠቁሮ አብጧል። ጎረቤት ፌጦ ቀቢው ይለኛል።
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ፌጦም ቅቤም አይቀባ፤ ቁስል ይመርዛል። ጥቁረቱ ወደ ታች የወረደ ደም ነው፤ ደጋፊ የውስጥ ሱሪ ይልበስ፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይከስማል። ትኩሳት፣ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ከመጣ ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቂ ውሰጅው። ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋና ፈስም ሰገራም እምቢ ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።